ቆመ

ከሃምቡርግ ዝቅ ብሎ፣ ሚያዝያ ሊነጋጋ፣
በኤልበ ወንዝ ዳር ቁሩ አጥንት ሲወጋ፣
ሽማግሌው ሂነርክ ላበበው ፖሙ ውሃ ሲረጭ አደረ፤
ጠብታው በየእንቡጡ ላይ ብርጭቆ ሆኖ ተጋገረ።
ለማያውቅ ሰው ግፍ ነው፣ በብርድ ላይ ውሃ መጨመር፤
እሱ ግን ያውቀዋል፤
እንቡጥ በረዶ ተከናንባ ነው ከበረዶ ተርፋ የምታድር።

ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ፣
ቀለም ያልነካው፣ እንዳልበሰለ ፍሬ አረንጓዴ የሆነ
አዲስ አውሮፕላን አለ፤ ክንፍ ያለው፣ ግን ገና ያልታመነ።
ሆዱ ውስጥ ወንበር የለም፣ ሻይ የምታቀርብ የለችም፤
ተሳፋሪው ውሃ ነው፣ በርሜል በርሜል ታስሮ፤ አይፈራም፣ አይጸልይም።

ወር ሙሉ ምን ያላደረጉት አለ!
እግሩን አየር ላይ አንጠልጥለው አጠፉት፣ ዘረጉት፣
በሩን ዘግተው ነፉት፣ በሳሙና አረፋ ቀዳዳ ፈለጉበት፣
ክንፉን አርገፈገፉት፣
መብራቱን አጥፍተው በጨለማ «ማነህ?» ብለው ጠየቁት።
ሁሉንም መለሰ።
የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለመብረር የተሠራ ፍጥረት
ልቡ ከመሬት ከተነሳ በኋላ መቆም ይችላል ወይ፣ ድንገት?

ዊብከ የፍሬን ሠራተኛ ናት፤ የሂነርክ የመጨረሻ ልጅ።
የአስፋልቱ ጫፍ ድሮ አራት ረድፍ ፖም ነበር፣ የቤታቸው ደጅ፤
ግራቨንሽታይን የሚሉት ዓይነት፣ ነሐሴ ላይ የሚደርስ፣ ቢጫው ላይ ቀይ የተረጨበት።
መንደርደሪያው ሊረዝም ሆነ፣ አባቷ ፈረመ።
ጉቶዎቹን የቆጠረችው እሷ ናት፤ አርባ ሁለት።
ከዚያ ወዲህ በቤቱ ስለ ጉቶ ያነሳ የለም።

«መንገዱ ነጻ ነው» አለ ራዲዮው።
ሞተሮቹ አጉረመረሙ፤ የአጥሩ ሥር ሣር ተኛ።
ሰማንያ።
መቶ።
መቶ ሃያ።
አፍንጫው ቀና አለ፤ የፊት ጎማው አስፋልቱን ለቀቀ፣
በጣት ስፋት ብቻ፤ በሥሩ ብርሃን ሾለቀ።
ዊብከ በልቧ፣ «እንዳትነሳ፤ እባክህ፣ ዛሬን እንዳትነሳ!»
«ቁረጥ!»
ከዚያ ጩኸት። ከዚያ፣ ጉቶዎቹ በነበሩበት ቦታ ላይ፣
ቆመ።
ጭሱ ብቻ በረረ ወደ ሰማይ።

ፍሬኖቹ እንደ ጋለ ማረሻ ቀሉ።
ሕጉ ግን ሕግ ነው፤ አምስት ደቂቃ ማንም አይጠጋ፣ ማንም ውሃ አይርጭ፤
የእሳት አደጋ ሰዎች ቱቦአቸውን ታቅፈው ቆመዋል፣ ከመስመሩ ውጭ።
ጀማሪው ትያርክ «ቢነድስ?» አላት።
«ቢነድም አምስት ደቂቃ።»
አባቷ ለማትረፍ ውሃ ሲያጠጣ አደረ፤ እሷ ለማትረፍ ከለከለች።
ሦስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ከግራ በኩል፣
ሽሽሽ... አንድ ጎማ ተነፈሰ።
ሊፈነዳ ሲል፣ እንዲቀልጥ የተሠራው ቡሽ ቀልጦ የታመቀውን አየር አፈሰሰ።
ትያርክ ክው አለ።
ዊብከ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች፤ ከጎኑም «ተነፈሰ» ብላ ጻፈች፣
እንደ ሰው።

ረፋድ ላይ በአጥሩ በር ወጣች። አባቷ እዚያው ነበረ፣
ቦቲው እንደራሰ፤ በረዶው ከዛፉ ላይ ኮሽ እያለ ተሰበረ።
«ሲመጣ አይቼዋለሁ» አላት። «እስከ የት ደረሰ?»
«እስከ ሁለተኛው ረድፍ» አለች፤
አፏ ካመለጣት በኋላ ነው የደነገጠች።
ሽማግሌው ብዙ ዝም አለ።
ከዚያ አንዲት እንቡጥ ከበረዶዋ ፈለቀቀ፣
በአውራ ጣቱ ጥፍር መሐሏን ሰነጠቀ፤
«ከጠቆረ አበቃለት» አለ። አረንጓዴ ነበረች።
«የእናንተውስ፣ መቼ ነው?»
«ሐሙስ፤ ነፋሱ ከፈቀደ።»
«ሐሙስ» አለ፣ ቱቦውን እየጠቀለለ፣
ለእሷ ሳይሆን
ለዛፎቹ።